የቀን እንቅልፍ

የሚኒያፖሊሱ አውቶቡስ ሌሊት ስድስት ሰዓት ደረሰ፤
ሱ ፎልስ ላይ ብርድ ነው፣ ጥቅምት የዛፉን ቅጠል ጨረሰ።
እናቴ ከመጦሪያው ቤት እንደወጣች፣ ባጇን ካንገቷ ሳታወልቅ፣
ሞተሩን ሳታጠፋ ትጠብቀኛለች፣ ራሷ በመስኮት ብቅ።
አንድ ከረጢት እድፍ ልብስ፣ አንድ የኬሚስትሪ መጽሐፍ፣
ዓይኔ ሥር ደግሞ የፈተና ሳምንት የተወው ጥላ፣ እጥፍ እጥፍ።
«ከሳሽ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።
እኔም ከእንቅልፍ ሌላ የሚያምረኝ አልነበረም።

አባቴ ሌሊት ነው የሚሠራው፣ ከሥጋ ፋብሪካው መስመር፣
ቢላውን ይዞ ከብርዱ ጋር እስኪነጋ ሲከራከር።
ጠዋት ሲገባ ፀሐይዋን በር ላይ ይሰናበታታል፤
መስኮቱን በብርድ ልብስ፣ ክፍተቱን በፎይል ደፍኖ ይተኛል።
በሩ ላይ ዛሬም አለ፣ በዘጠኝ ዓመቴ የጻፍኩት ካርቶን፦
«ዝም በሉ፣ አባዬ ተኝታል።»
«ቷ»ን «ታ» አድርጌው ነበር፤ ማንም አላረመኝ፣
እስከ ዛሬ እንደዚያው ተንጠልጥሏል።

ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ ነቅቼ ለውሃ ስወጣ፣
ኢዮስያስ ከሥሩ ጨምሮበታል፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በቁጣ፦
«ምዕራፍም ተኝታለች። ሁለት ሆነዋል። የሚጮህ ውጭ ይውጣ!»

ተመልሼ ተኛሁ።
እንዴት ያለ እንቅልፍ ነው! ማንቂያ የሌለው፣ ወለል የሌለው፣
የዶርሙ ሳቅ፣ የኮሪደሩ ኳስ የማይደርስበት፣ እግር ያልረገጠው።
ከቀጭኑ ግድግዳ ማዶ የአባቴ ማንኮራፋት
ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ያስባል፣ ይቀጥላል፣
እንደ አሮጌ ትራክተር በዳገት።
ስንት ዓመት ትራስ ጆሮዬ ላይ የጫንኩበት ድምፅ
ዛሬ እጄን ይዞ አወረደኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ግድም ሚስስ ሃልቮርሰን ቅጠል የሚነፋውን ማሽን ስታስጮኸው፣
ኢዮስያስ በካልሲው ሮጠ፤ ካርቶኑን ነቅሎ
እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ፊቷ ዘረጋው።
አማርኛ አታነብም ሴትዮዋ፤ የቀዩ ቀለም ጩኸት ግን ገባት፤
ማሽኑን አጥፍታ ጋራዥ ገባች፣
የእጅ መጥረጊያ ይዛ ወጣች፣ ቀስ እያለች በእርጋታ፣ በትዕግሥት።
ይህን ሁሉ ማታ ነው የሰማሁት።

አሥር ሰዓት ሲል ኩሽና ውስጥ ተገናኘን፣ አባትና ልጅ፣
ጉንጫችን ላይ የትራሱ ስፌት፣ ዓይናችን ገና ከደጅ።
እንቁላል ጠበሰ። ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት ሹካውን በመዳፉ ይዞ፤
እኔ ስለ ውጤቴ ይጠይቀኛል ብዬ፣ ልቤ በሰበብ ተይዞ
(የመሐል ፈተናው፣ ሃምሳ ስምንት፣ ለማንም ያልነገርኩት)፣
«ጠገብሽ?» አለኝ።
«እንቁላሉን?»
«እንቅልፉን።»
«ገና» አልኩት።
«እኔም ገና። አሥራ ሦስት ዓመት ሆነኝ፣ ገና።»

ከዚያ ዳቦውን እየቆረሰ፣ ለራሱ እንደሚያወራ፦
«ስምሽን ስናወጣ ቄሱ ነገሩኝ፤ ምዕራፍ ማለት ማረፊያ ነው፤
መጽሐፉም ሲደክመው ቁጭ የሚልበት ድንጋይ ነው።
ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ያያል፣ ስንተኛው ነው፣ ስንት ቀረው።»

ሃምሳ ስምንቱን ነገርኩት።
ጨው አቀበለኝ። «ብዪ፣ ይቀዘቅዛል።»

መጽሐፉ አራቱንም ቀን በር ደግፎ ዋለ፤
ኢዮስያስ ነው ያስቀመጠው፣ «ነፋሱ እንዳያጮኸው» እያለ።

ማክሰኞ ንጋት ከፈረቃው ወጥቶ፣ ቦቱን ሳይቀይር አደረሰኝ።
ልብሴ ታጥቦ ታጥፏል፤ የምስሩ ዕቃ ጉልበቴ ላይ ሞቀኝ።
ቀይ መብራት ላይ አዛጋ።
እኔም አዛጋሁ።
ትኬት የሚያየው ሰውዬም አፉን በእጁ ጋረደ።

ከአውቶቡሱ መስኮት አየሁት፤ መኪናውን አላስነሣም፤
ወንበሩን ወደ ኋላ ለቆ፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቷል።
ፀሐይ ከማደያው ጀርባ ብቅ ልትል ነው።
ካርቶን የለም እዚህ።
እስትንፋሴ ያጨገገው መስታወት ላይ በጣቴ ጻፍኩለት፦
ዝም በሉ፣ አባዬ ተኝታል።
አላረምኩትም።